ከሙታን ቀን በፊት የማይሰጡ ድመቶች

ሰውየው በዚያ ሙቀት እስከ ክርኑ የሚደርስ የቆዳ ጓንት አጥልቆ ነበር። ይህን ያስተዋልኩት የድመት መጠለያውን የግቢ በር ይዤለት፣ እሱም አመስግኖኝ ከገባ በኋላ ነው። ደወል ሳይደውልና ማንነቱን ሳይናገር ማንም እንዳይገባ በሩ ላይ ተጽፏል። እኛ ዘንድ ግን ከኋላ በሚመጣ ሰው ፊት በር መዝጋት ነውር ነው። ደግሞም ሐሳቤ ሁሉ ልጄ ሱሌማ ላይ ነበር። የምንወስዳት ድመት ትቧጭራታለች፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ሆስፒታል ስንደርስ አልጋ የለም ይሉናል እያልኩ ነበር የመጣሁት።

ሱሌማ አባቷ ባሕር ላይ ወዳለው የነዳጅ ማውጫ ለሥራ ከሄደ ወዲህ ብቻዋን አትተኛም። ድመት በአልጋዋ ላይ አብራት ካደረች እሷም እዚያው እንደምታድር ቃል ስለገባችልኝ ነው እሺ ያልኩት።

የመጠለያው ባለቤት ዶኛ ኤውላሊያ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። አንዲት ጥርስ አልባ ቢጫ ድመት አሳዩን። እኔ ወዲያው ወደድኳት፤ የማትነክስ ድመት ከየት ይገኛል? ሱሌማ ግን አልፋት ሄደች። በጓዳው የሽቦ በር ላይ ተለጥፋ ጣቷን አስገባች። ውስጥ ሦስት ጥቁር ድመቶች ነበሩ፤ ትንሿ መጥታ ግንባሯን ጣቷ ላይ አሸችው።

«እማ፣ ይቺ ናት።»

ዶኛ ኤውላሊያ ጥቁር ድመት ከሙታን ቀን በፊት ለንጉሥም እንደማይሰጡ ነገሩን። ከተማችን የፈዋሾች ከተማ ናት። በዚህ ሰሞን በሽታ የጠናበት ወይም ክስ ያለበት ሰው የጥቁር ድመት ደም አምጣ ይባላል። ሙታኑ መጥተው፣ የተዘጋጀላቸውን በልተው ወደ መቃብራቸው ይመለሱ፤ ያኔ ድመቷ ያንቺ ናት አሏት። እስከዚያ ትረሳዋለች ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ።

ሰውየው ከኋላችን እሱም ጥቁር እንደሚፈልግ ተናገረ። ቤቱ አይጥ በዝቶበታል።

«አይጥ ቀለም አይመርጥም፤ ቢጫዋን ውሰድ» አሉት።

«ጥርስ የላትም።»

«አንተ አለህ አይደል? አበድራት።»

ሱሌማ ሳቀች። እኔም ልስቅ ስል ነው ጓንቱን ያየሁት፤ ከብብቱ ሥር የተጠቀለለውን ጆንያም።

ሰውየው የዶኛ ኤውላሊያን ፀጉር ጨምድዶ ፊታቸውን ከበሩ የብረት ምሰሶ ጋር አጋጨው። የአፍንጫቸው አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። የሽቦውን በር ሁለቴ በእርግጫ ሲለው ከነማጠፊያው ወደቀ። ሁለቱ ድመቶች በአናቱ ዘለው ጣሪያ ላይ ወጡ። ትንሿን ማጅራቷን ያዛት፤ ብትነክሰውም ጥርሷ የጓንቱን ቆዳ አላለፈም። ጆንያው ውስጥ ጠቅጥቆ ከግድግዳው ጋር አላተማት።

ሱሌማ የጆንያውን አፍ ይዛ ተንጠለጠለች። በክርኑ አፏን መታት፤ ወደቀች፤ አልለቀቀችም። በጫማው እጇ ላይ ቆመበት። ያኔም አልለቀቀችም።

እንዲህ ያለ ቀን ከመጣ ራሴን ስቼ እወድቃለሁ ብዬ ነበር የማስበው። የድመቶቹን አሸዋ የሚያወጡበት አካፋ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። አንስቼ በስለቱ በኩል ጉልበቱን መታሁት። ሲጎነበስ እጁን ደገምኩት፤ ጣቶቹ ጓንቱ ውስጥ ሲደቅቁ በእንጨቱ በኩል ተሰማኝ። በደህናው እጁ ጉሮሮዬን አንቆ ከግድግዳው አጣበቀኝ። ትንፋሹ አረቄ አረቄ ይሸት ነበር። ዓይኔ እየጨለመ ሳለ ዶኛ ኤውላሊያ ደም የሞላው አፋቸው ውስጥ በአንገታቸው ያንጠለጠሉትን ፊሽካ ከተው ነፉ።

በሰፈራችን ፊሽካ ከተነፋ ከየቤቱ አንድ ሰው እጁ የገባውን ይዞ መውጣት አለበት። ሥጋ ሻጩ ዶን ሲሪሎ ከነመንጠቆው መጣ፤ ቶርቲያ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ የሚጋግሩት ሴቶች ዱላ ይዘው መጡ። ውጭ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቅ የነበረ መኪና ሰውየውን ጥሎት በረረ።

ከመብራት ምሰሶው ጋር አሰሩት። በዱላም በጫማም ደበደቡት፤ ጥርሶቹ ደረቱ ላይ ተራገፉ። እናቱን ሲጣራ አንዷ ጋጋሪ «እናትህማ ድመት ብትወልድ ይሻላት ነበር» አለችው። ከኋላ አንድ ሰው ቤንዚን አምጡ አለ። የሱሌማን ዓይን በእጄ ሸፈንኩ፤ እጄን አንስታ ታይ ጀመር።

ዶኛ ኤውላሊያ እየተንገዳገዱ መሀል ገቡ።

«ደጄ ላይ ሰው አታቃጥሉም። የሚፈልግ እኔን ያስቀድም።»

ዶን ሲሪሎ አንድ እርግጫ ጨምሮ መንጠቆውን አወረደ። ፖሊሶች መጥተው ሰውየውን እየጎተቱ ወሰዱት።

ጆንያው ሲፈታ ድመቷ ሕይወት ነበራት። አንድ ዓይኗ ጠፍቷል። ዶኛ ኤውላሊያ አፍንጫቸውን ሳያስጠርጉ የድመቷን ሆድ ዳሰሱና ትድናለች አሉ። ከዚያ የወደቀውን በር አዩት።

«እዚህ ማሳደር አልችልም፤ በመኪናው የሸሸው ሰው ቤቱን ያውቀዋል። ትወስጃታለሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

የሸሸው ሰው ስንገባ የኛንም መልክ አይቷል። ባሌ ቤት የለም። ተከትለው ይመጣሉ፣ በሩን ይሰብራሉ፣ ይኸኛውን ደግሞ በአካፋ አልመልሰውም። ይህን ሁሉ አሰብኩ። የሱሌማን እጅ አየሁት፤ ጫማው የረገጠው አብጧል፤ ድመቷን ያቀፈችው በሱ ነው።

«እንወስዳታለን» አልኩ።

ሲመሻሽ ዶን ሲሪሎ እስከ ደጃችን ሸኘን። የልጄን ከንፈር አጠብኩ፤ እጇን በረዶ ውስጥ ነከርኩት። መስኮቶቹን ዞሬ አየሁ፤ ያየሁትን ደግሜ አየሁ። ሱሌማ ድመቷን የገዛ አልጋዋ ላይ አስተኝታ ግድግዳውን ተጠግታ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«እማ፣ ፈርተሻል። ዛሬ አንቺ እኛ ጋ እደሪ።»

እመጣለሁ አልኳት። መንገዱ ላይ መኪና ቀስ ብሎ መጣ። ትንፋሼን ይዤ ጆሮዬን በሩ ላይ አደረግኩ። ሳይቆም አለፈ፤ ጥጉ ላይ ታጥፎ ድምፁ ጠፋ። የላይኛውን መቀርቀሪያ ሳብኩ፣ የታችኛውን ሳብኩ፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞርኩት።