ዶክተሩ እስኪመጣ

«መጀመሪያ ተቀመጪ፣ ልጄ። ከዚያ እጠጣለሁ።»

ሰውየው ይህን ያላት በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ሆኖ፣ ዐይኑን ከትሪው ሳይነቅል ነበር። እሷ ግን መቀመጫ ጊዜ አልነበራትም። አባቷ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ሳሎኑ ከጎረቤት በተዋሱት ወንበሮች ተጨናንቋል፤ ትሪው ላይ ስድስት ብርጭቆ ውሃ ይንቀጠቀጣል፤ የአባቷ የእጅ ሰዓት ሰፍቷት ክንዷ ላይ ወጣ ወረድ ይላል። ቆማ ጠበቀችው። እሱም ጠበቀ። ግንባሩን ላብ ችፍ ሲልበት ብታይ ደንገጥ ብላ ብርጭቆውን ከጎኑ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለት አለፈች።

ማድቤት ስትገባ ፋርማሲ የምትሠራው ጎረቤታቸው ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«ያ ሰውዬ የማን ወገን ነው? ከትናንት ጀምሮ አንዲት ጉንጭ አልቀመሰም። ወንበሩን የተከራየው እኮ ነው የሚመስለው።»

«አላውቃቸውም፣ እትዬ።»

«አጎትሽ ግን ያውቀዋል። ገና ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ።»

አጎቷ፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ ወዲያው ከበስተኋላቸው ደረሰ። ዕድሜውን በሙሉ ለአለቆች ንግግር ሲጽፍ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነውና ለወንድሙ የሕይወት ታሪክ ማንንም አላማከረም።

«ነገ ከሰዓት የምታነቢው ይኸው። ሁለት ሦስቴ ተለማመጂው። እንዳታለቅሺ ደግሞ፣ ቃሉ አይሰማም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሩ ጋ ያለውን ሰውዬ ዝም ብለሽ እለፊው። ጤና የለውም።»

ወረቀቱን ዘረጋችው። የአባቷ ስድሳ ስምንት ዓመት በአንድ ገጽ ላይ ተጣጥፎ ተኝቷል። መሀል ላይ በትናንቱ ጋዜጣ የወጣው ዐረፍተ ነገር አለ፦ «ሀገር በተጨነቀችበት ዘመን በልዩ የምርመራ ማዕከል በሐኪምነት ተመድቦ የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል።»

ስለ እነዚያ ሁለት ዓመታት ጠይቃው አታውቅም። አትጠይቂ ያላትም አልነበረም። አንዳንድ ቤት ውስጥ ማንም ሳይቆልፈው ተቆልፎ የሚኖር ክፍል አለ።

እናቷ የሞተችው እሷ አምስት ዓመቷ ሳለ ነው፤ ፀጉሯን ማጠብም በአባቷ ላይ ወደቀ። ሌሎች ልጆች ጎንበስ ወይም ቀና ብለው ሲታጠቡ፣ እሷን ግን በርጩማ ላይ ቀጥ አድርጎ ያስቀምጣትና ደረቅ ፎጣ አራት ቦታ አጥፎ በገዛ እጇ ግንባሯ ላይ ያስይዛታል። ከዚያ ከበስተኋላዋ በጆግ ቀስ አድርጎ እያፈሰሰ ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥር ሲደርስ፣ ሳሙናው ለቀቀም አልለቀቀም፣ ያቆማል። ከጆሮዋ ኋላ ነጭ ነገር ሳይጠፋ ትምህርት ቤት ስለምትሄድ ልጆቹ «አረፋ» የሚል ስም አወጡላት።

«ለምን አሥር ላይ ታቆማለህ፣ አባዬ?»

«ከአሥር በኋላ ያሉትን ቁጥሮች አልወዳቸውም።»

አንዲት ጠብታ ፊቷ ላይ ወርዳ አታውቅም። በዚህ ዓለም እንደ እሷ በስስት የታጠበ ልጅ ያለ አይመስላትም ነበር።

በአዋላጅ ነርስነት የተመረቀች ዕለትም አንድ ነገር ሆነ። ሌሎቹ ወላጆች ፎቶ ለመነሣት ሲጋፉ አባቷ ወደ አዳራሹ ጀርባ ወሰዳትና፣ «ምንም አትነኪም፣ እዚህ ቁሚ ብቻ ያሉሽ ቀን፣ እንዳትቆሚ» አላት። የእርጅና ምክር መሰላት፤ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሲሳሳ ሰውየውን ግቢው ውስጥ፣ ደረጃው ሥር ቆሞ አገኘችው። አጎቷ በመስኮት እንደማያያት ቀና ብላ አረጋገጠች።

«አባቴን ከየት ያውቁታል?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ» አለ። «ያኔም ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የሚፈልጉት ሰው ሱፉን ያሰፋው እኔ ጋ ነው። የት ነው አሉኝ። እኔ የማውቀው ልኩን ነው፤ ወገቡ ሰማንያ አራት ነው አልኳቸው። አልበቃቸውም።»

ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ።

«ዘንበል ያለ አግዳሚ ላይ አስረው ያጋድሙሻል። ፊትሽ ላይ ጨርቅ ያለብሱሻል። ከዚያ ውሃ ነው። ለሚሰማው ሰው ውሃ ብቻ ነው፤ ማስመሰል ነው ይሉታል። ሰውነትሽ ግን ማስመሰል አያውቅም፤ እየሞትኩ ነው ይልሻል። አንድ ሰው የእጄን የደም ሥር በጣቱ ይዞ፣ በእጅ ሰዓቱ እየለካ ድምፁን አሰምቶ ይቆጥራል። ሲበቃው፣ ‹በቃ፣ ቀና አድርጉት› ይላል።»

ባለፈው ሳምንት አባቷን ትኩሳት ሲያነደው እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ አድርጋለት ነበር። ጨርቁ ተንሸራቶ አፍንጫው ላይ ሲወርድ እጇን ጨምድዶ የጮኸው ይህንኑ ነበር፤ በቃ፣ ቀና አድርጉት። ማንን ብትለው አልመለሰላትም።

«ታዲያ እሱ ስለነበረ ነዋ የተረፉት?» አለች። ድምጿ ልመና እንደሆነ ለራሷም ተሰማት።

«እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። በልቤ አመሰግነው ነበር። አንድ ቀን ግን አስረው ካጋደሙኝ በኋላ ሳይጀምሩ ቆዩ። ‹ዶክተሩ እስኪመጣ› አሉ። መኪናው ተበላሽቶበት ነው። ሻይ አስመጥተው ጠጡ፣ ስለ ቤት ኪራይ አወሩ። እንዲያውም አንደኛው ብርድ ልብስ ጣል አደረገብኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ በጣቱ የነካኝ የለም። ያን ጊዜ ገባኝ። እሱ ከሌለ ይፈራሉ፤ የሚደፍሩት እሱ ሲመጣ ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ከዚያ በሩ ተከፈተ። ‹ይቅርታ፣ አስጠበቅኋችሁ› ሲል ሰማሁት።»

«ያን ቀን ቆጠራው አሥራ ሰባት ላይ ሲደርስ ስም ሰጠሁ። ካውያ የሚያውሰኝን ጎረቤቴን። ምንም የማያውቅ ሰው ነበር። ወሰዱት፤ አልተመለሰም።»

ልብስ ሰፊው እንደነገራት፣ ከዓመታት በኋላ ሳል ይዞት አንድ ክሊኒክ ገባ። «በረጅሙ ተንፍስ» ያለውን ድምፅ ለየው። ሐኪሙም በበኩሉ በእጁ ላይ የቀረውን የገመድ ጠባሳ አይቶ ለየው። አንዳቸውም አልተናገሩም። ከዚያ ወዲያ በየወሩ ይሄዳል፤ ዶክተሩ ሳንባውን ያዳምጣል። እሱ ክኒኑን ሊውጥ ሲል ዶክተሩ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ ይከታል፣ ከእሱ ዝቅ ያለች በርጩማ ስቦ ይቀመጣል። ከራሱ በላይ ሰው ቆሞ ውሃ መጠጣት እንደማይችል ሳይነግረው ያወቀለት እሱ ብቻ ነው።

«ሐኪሜ ነበር፤ ልሰድበው አልመጣሁም» አለ። «ግን ያቺን ዐረፍተ ነገር ጋዜጣ ላይ አየኋት። ነገ ፊቴ አታንቢያት። ያቺ ከተነበበች የጎረቤቴም ሕይወት ከተረፉት ጋር ተቆጠረ ማለት ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት አጎቷን ማድቤት ውስጥ ያዘችው።

«ጋሼ፣ ይቺን መስመር እናውጣት።»

ማን እንደነገራት አልጠየቀም። «ትምህርት ቤት ላይ ፈንጂ ተጠምዶ፣ የት እንዳለ የሚያውቀው የታሰረው ሰው ብቻ ቢሆንስ? ሕፃናቱን ምን ትያቸዋለሽ?»

«እሳቸው የሚያውቁት የወገብ ልክ ነበር።»

«አባትሽ እዚያ ባይኖር ይሞቱ ነበር።»

«ባይኖር ሻይ ይጠጡ ነበር።»

አጎቷ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። እጁ እንደ ወንድሙ እጅ ነበር፤ ጣቶቹ ረዣዥም።

«ስሚኝ፣ ልጄ። ይሄ ከአፍሽ ከወጣ የእሱ ስም አለቀ። ካንቺስ ዘንድ ማን መጥቶ ይወልዳል? የማን ልጅ ናት ሲሉ ምን ሊባል ነው? እሱ ሞቷል። አንቺ ነሽ የምትኖሪው። አንብቢና ይለፍ።»

ፈራች። እስከ ከሰዓት ድረስ ሰዓቱን አየች፣ ደግማ አየች። ልብስ ሰፊው ዛሬም በሩ አጠገብ ነው። ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ብላ ተመኘች፤ በምኞቷም አፈረች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎኑ ጸጥ አለላት። ማንበብ ጀመረች፦ የት እንደ ተወለደ፣ የት እንደ ተማረ፣ ሚስቱን በስንት ዓመቱ እንደ ቀበረ። ያቺ መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። አጎቷ ከፊት ወንበር ሆኖ፣ ጠፍቶባት እንደሆነ ብሎ፣ ቃላቱን በከንፈሩ ያቀብላታል።

«እዚህ ላይ የተጻፈውን አላነበውም» አለች። «አባቴ የተመረቅኩ ዕለት አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። ምንም አትነኪም፣ ቁሚ ብቻ ቢሉሽ፣ እንዳትቆሚ አለኝ።» ወረቀቱን አጠፈችው። «እሱ ሁለት ዓመት ቆሟል። ሰዎች ውሃ ሲፈስባቸው ቆሞ ቆጥሯል። እኔን ሲያጥበኝ ደግሞ አንድ ጠብታ ፊቴ ላይ አላሳረፈም። ሁለቱም አባቴ ነው። የቀረውን አጎቴ ያንብቡላችሁ።»

ማንም አላነበበም። ፋርማሲ የምትሠራው ጎረቤት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። አጎቷ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ። ከኋላ አንድ ሁለት ሰዎች ተነሥተው፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጡ። ወንበሮቻቸው ተንቋቁ።

በሩ አጠገብ ሳል ተሰማ፤ ደረቅና ረጅም ሳል።

ማድቤት ገብታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳች። የልጅነቷን በርጩማ ከመታጠቢያ ቤት አወጣች። ሰዉ ሁሉ እያያት ሳሎኑን አቋርጣ በርጩማውን ከልብስ ሰፊው እግር ሥር አስቀመጠችና ተቀመጠችበት፤ አሁን ከራሱ በላይ የቆመ ማንም የለም። የአባቷን ሰዓት ከእጇ ፈትታ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቀበለችው።

መጠጣት ሲጀምር ከውስጧ አንድ፣ ሁለት የሚል ነገር ተነሣ። ሦስት ሳይል ዝም አሰኘችው፤ እስኪጨርስም ድረስ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።