ከሹፌሩ ወንበር ሥር

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን ቡራዩ ውስጥ ሠራሁ የምለው ሥራ አልነበረም። የአምቦ መንገድ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል፤ ባለሱቆች በራቸውን ገርበብ አድርገው ይውላሉ። ወደ እኔ ጋራዥ የሚመጣው መስታወቱ በድንጋይ የረገፈ መኪና ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንጂ መስታወት ገጣሚ አይደለሁም። ደክሞኝ ነበር። ሥራ ፈትቶ መድከም ከሁሉም የባሰ ነው።

ስለዚህ ጎረቤቴ ወንዳፍራሽ በሞተር የሚንቀሳቀሰው የመኪናው የሹፌር ወንበር ተበላሽቶበት ሲመጣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወንበሩ ወደ ፊት ተጠግቶ ቀርቷል፤ ሰውየው ረጅም ነው፣ ጉልበቱ መሪው ሥር ተሰንቅሮ ነው የደረሰው። ፊውዙን ቀየርኩ፤ ተቃጠለ። ደገምኩ፤ ተቃጠለ።

«ወንበሩ መውጣት አለበት» አልኩት።

«ሀሰኖ፣ ሳይወጣ አይሆንም?»

«አይሆንም። ከሥሩ የገባ ነገር አለ? ሳንቲም፣ የልጅ መጫወቻ?» ይህን የመጣውን ደንበኛ ሁሉ እጠይቃለሁ።

«ምንም የለም» አለ፤ ዓይኑ ግን መንገዱ ላይ ነበር።

የኋላዎቹን ብሎኖች ፈታሁ። የፊቶቹን ወንበሩ ራሱ ሸፍኗቸዋል፤ ወደ ኋላ ካልሄደ አይገኙም። ሶኬቱን ነቅዬ ሞተሩን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘሁት። አጉረመረመ፣ ያዝ አደረገው፣ ከዚያ የሆነ ነገር እየቀደደ ወደ ኋላ ሄደ።

«አቁመው» አለ ወንዳፍራሽ። ዘግይቶ ነበር።

ወንበሩን ሳወጣው የሚንሸራተትበት ሐዲድ ውስጥ ላስቲክና የተበጣጠሰ ወረቀት ተጠቅልሎ አገኘሁ። ወንዳፍራሽ ቤቱን የሠራበትን መሬት ከገበሬው ከኦቦ ነገዎ የገዛበት ውል ነው። የሽማግሌው የጣት አሻራ ለሁለት ተተርትሯል። ቤት ቢቃጠል መኪናው ይተርፋል ብሎ እዚያ ደብቆት ኖሯል። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ሊለኩ ይመጣሉ፤ ውል የሌለው ቤት ይፈርሳል ተብሏል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«በዚህ ጊዜ ማን ይታመናል?» አለኝ።

ስምንት ዓመት ጎረቤቴ ነው። በሠርጌ ጊዜ ድንኳን የተከለልኝ ሰው ነው። ተናደድኩ፣ አዘንኩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሱ ግን ነቀዘ።

«ኦቦ ነገዎ ጋ እንሂድና እንደገና ያትሙልህ» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «ልጃቸው ከታሰረ አራት ወሩ ነው። ሄጄ አልጠየቅኳቸውም።»

እኔ በሦስተኛው ቀን ሄጃለሁ። ጎረቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት አለመጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ለእሱ መንገር አያስፈልግም። ከቁርጥራጩ እያየሁ ውሉን አዲስ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት፤ ኪሱ ከተተውና በእግራችን ሄድን።

ኦቦ ነገዎ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ» ብዬ ሰላም አልኳቸው። ወንዳፍራሽን ሲያዩ ብድግ አሉ።

«ስለ ልጅዎ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለ። «በጣም ዘገየሁ።»

የሽማግሌው ፊት ፈታ አለ። ወተት አስመጡልን። ስንቅ እንዴት እንደሚልኩ፣ ሁለቴ ሄደው ልጁን ሳያዩ እንደተመለሱ፣ ሁሉን ነገሩት። ልጁ ከታሰረ ወዲህ እንደዚያ ሲያወሩ አይቻቸው አላውቅም።

«መጣህ አይደል? መምጣትህ ይበቃኛል» አሉት።

ወንዳፍራሽ ወተቱን አስቀመጠ። እጁ ኪሱ ላይ ነው። ወረቀቱን እንዳያወጣው በልቤ ለመንኩ፤ ቤቱ እንዳይፈርስበትም ለመንኩ። ሁለቱ በአንድ ቀን እንደማይገኙ ግን ገብቶኛል። አወጣው።

ኦቦ ነገዎ ወረቀቱን አዩት፣ ከዚያ እሱን አዩት። አውራ ጣታቸውን ዘረጉልኝ፤ የስክሪፕቶ ቀለም ቀባሁላቸው፤ አተሙ። እኔም እማኝ ሆኜ ፈረምኩ።

እንግዳ እስከ አጥሩ በር ሳይሸኙ ቀርተው አያውቁም። ያን ቀን ግን ጣታቸውን በሣሩ እየጠረጉ ከተቀመጡበት አልተነሡም።