የሌላ ከተማ ዝናብ

"እትዬ፣ እጅዎን ከማውሱ ላይ ያንሱልኝ እንጂ! ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጠራርጌ ልጨርስ።"

እትዬ መዝገብ እጃቸውን አላነሱም። ዛሬ ጡረታ የሚወጡበት ቀን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው፣ ስማቸውን እንኳ ሥራው ወስዶባቸው እትዬ መዝገብ ሆነው ቀርተዋል። ኮምፒውተራቸው ከነገ ጀምሮ የሌላ ሰው ነው። የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ሁሉም "ሐኪሙ" የሚለው ቦርጫም ሰውዬ፣ የማይፈለገውን ከውስጡ ሊያጠፋ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀምጧል።

እስካሁን ሥራው ቀንቷቸው ነበር። ማን እንደላከው የማይታወቅ የመልካም ልደት ምስል፣ አራት ቦታ የተቀመጠ አንድ ደብዳቤ፣ "አዲስ ፎልደር"፣ "አዲስ ፎልደር ሁለት" እያለ እስከ አሥራ ሰባት የሚሄድ፣ ሁሉም ባዶ። እትዬ መዝገብም "ይጥፋ! ይሄም ይጥፋ!" ሲሉ አረፈዱ። የወረቀቱን መዝገብ አንድ ቅጠል ሳያዛንፉ የያዙ ሴት ኮምፒውተሩን እንዲህ የጉድ ማከማቻ ማድረጋቸው ገርሞት ሐኪሙ ሆዱን ይዞ ስቋል።

የብሮውዘሩን ሂስትሪ፣ የታዩትን ገጾች ዝርዝር ሲከፍት ግን ዓይኑ ፈጠጠ።

"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ? የአየር ሁኔታ፣ የአየር ሁኔታ፣ የአየር ሁኔታ... ለዚያውም የአንድ ከተማ! እርሻ አለዎት እንዴ እዚያ?"

"ልጄ አለ።"

ሐኪሙ ሳቁን ዋጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ልጃቸው ለሥራ ብሎ ሩቅ ከሄደ ሦስት ዓመት ሆነው። ሲደውሉለት "እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ" ስለሚላቸው መደወሉን ተዉት፤ እሱ በወር አንዴ ይደውላል። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ ከተባባሉ በኋላ ወሬው ያልቅባቸዋል። ስለዚህ እትዬ መዝገብ ዘዴ ዘየዱ። ጠዋት ቢሮ እንደገቡ የልጃቸውን ከተማ አየር ያያሉ፤ የደወለ ቀን "ሰሞኑን ብርድ ነው አሉ፤ ሹራብ ትለብሳለህ?" ይሉታል። "አዎ እማዬ፣ ብርድ ነው" ይላል እሱም። በዚህች ሰበብ ሁለት ደቂቃ ትጨመራለች። ቤታቸው ኢንተርኔት የለም፤ ስልካቸውም ያች አሮጌዋ ባለ ቁልፏ ናት። ከነገ ጀምሮ ምን ብለው እንደሚያወሩት አያውቁም። ከማለዳ ጀምሮ የሚያሳስባቸው ይኸው ነው።

"እርስዎን የሚተካው ሰው ይሄን ባያይ ይሻላል" አለ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ላጥፋው?"

"ቆይ፣ መጀመሪያ ልደውልለት።"

ልጅየው ቶሎ አነሳ።

"እማዬ? ምን ሆንሽ?"

"ምን እሆናለሁ! እናት እንድትደውል የግድ ሰው መሞት አለበት? እዚያ ዛሬ ከባድ ዝናብ ነው ይላል፤ ጃንጥላ ያዝ ልልህ ነው። ከነገ ጀምሮ ማየት አልችልም፣ ኮምፒውተሩን ላስረክብ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስከታተልልህ ነበር እኮ።"

እትዬ መዝገብ ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው አዩት።

"ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ?"

"በየቀኑ?" አለ ልጅየው።

"ከቅዳሜና እሁድ በቀር።"

"እማዬ... እኔ እኮ ከዚያ ከተማ ከለቀቅኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ሠራተኛ ሲቀንሱ ወጣሁ። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።"

እትዬ መዝገብ ስክሪኑን አዩት። ስምንት ወር ሙሉ፣ የሥጋ ዘመድ በሌላቸው ከተማ ዝናብ ሲጨነቁ ኖረዋል። እሱም "አዎ፣ ብርድ ነው" እያለ አብሯቸው ሲበርደው! ተናደዱ። ወዲያው ደግሞ ሆዳቸው ባባ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ብቻውን መቀመጡ ታያቸው።

"አሁን የት ነህ ታዲያ?"

ነገራቸው። የከተማውን ስም እንዳይረሱት ጮክ ብለው ደገሙት።

ሐኪሙ ጣቱን ወደ ኪቦርዱ ሰደደ። "የዚያን አየር ልይልዎት?"

እጁን ገፋ አደረጉና "አጥፋ" የሚለውን ራሳቸው ተጫኑት። ያ ሁሉ ዝርዝር በአንድ አፍታ ባዶ ሆነ።

"ስማኝ ልጄ፣ እዚያ ዛሬ ዝናብ ነው ወይስ ፀሐይ?"

"እኔ እንጃ እማዬ፣ መጋረጃውን አልከፈትኩትም።"

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አምስት ከሩብ ይላል።

"ተነስና ክፈተው" አሉ። "እጠብቅሃለሁ።"