ላምዱአን የዘፈዘፉት ሩዝ

«ክዳኑን መልሺው!» አለች ፕራኖም። «ማንም እንዳይነካው ብዬ አልነበረም?»

ልጇ ካንያ ግን አፍንጫዋን ወደ ጋኑ አስጠግታ ቆማለች። «እማ፣ ደርሷል እኮ! ልክ አያቴ እጅ ላይ የሚሸተው ሽታ ነው። ዛሬ ካልተሠራ ነገ ለዳክዬ ነው የሚሆነው።»

ሩዙን የዘፈዘፉት ሟቿ የፕራኖም እናት ላምዱአን ራሳቸው ነበሩ። ለገበያ ብለው አጥበው ዘፈዘፉ፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኑ፣ ተኙ፤ ጠዋት አልተነሱም። አሁን እሳቸው በቤቱ የፊት ክፍል በአበባ የተከበበ የሬሳ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ማታ ማታ መነኮሳት መጥተው ይጸልዩላቸዋል። ሩዛቸው ግን ጓሮ ሆኖ መኮምጠጡን ቀጥሏል።

ከዚያ ሩዝ የሚወጣው ካኖም ቺን ነው፤ ረጅሙ፣ ነጩ የሩዝ ክር። ፍቅር እንዲረዝም ለሠርግ ይቀርባል። ለቅሶ ቤት ግን አይገባም፤ ሞትም እንደ ክሩ ይረዝምና ሌላ ሰው ይስባል ይባላል። ባን ሌም መንደር ውስጥ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ፕራኖም ደግሞ ያ ሌላ ሰው ማን እንደሚሆን ካሁኑ ወስናለች። ካንያ ወሯ ገብቷል። ነፍሰ ጡር ለቅሶ ቤት ስትገባ እንደሚደረገው፣ ቀሚሷ ላይ፣ ልክ ሆዷ ጋ፣ ከክፉ እንዲጠብቃት መርፌ ቁልፍ ተሰክቷል። ፕራኖም በአንዱ አልተማመነችም፤ ሦስት ሰካችባት።

«ልብስ ሰፊ ቤት የተንጠለጠልኩ መሰልኩ» ትላለች ካንያ ላየችው ሁሉ።

«ታዲያ ሩዙን ምን ልታደርጊው ነው?» አሉ አክስት ኢም፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት እየላጡ። ከላምዱአን ጎን ደረቅ ሽሪምፕ ሲሸጡ ያረጁ ሴት ናቸው።

«እደፋዋለሁ።»

ፕራኖም ራሷ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ደነገጠች። እናቷ ምግብ ሲደፉ አይታ አታውቅም። ልጅ ሳለች አንድ ቀን ማዕበል ሆኖ ጀልባዎቹ ሳይመለሱ ቀሩ፤ ወደቡ ላይ ከላምዱአን ገዝቶ የሚበላ ሰው ጠፋ። ላምዱአን ቅርጫታቸውን ተሸክመው በዝናቡ ቤት ለቤት ዞሩ፤ «ባል የሌላት ትብላ! ባል ያላት ደብቃ ትብላ!» እያሉ። ፕራኖም መብረቁን ፈርታ ቀሚሳቸው ውስጥ ተወሸቀች። «አንቺ ልጅ፣» አሏት እየሳቁ፣ «የሚመታንም ከሆነ ጠግበን ይምታን!» ትኩስ የዓሣ ጥብስም አፏ ውስጥ ጨመሩላት። ቀይ ቅመሙ አቃጥሏት መብረቁን ረሳችው።

«እስቲ ልጠይቅሽ» አሉ አክስት ኢም። «ያንቺን ሠርግ ካኖም ቺን ማን ሠራው?»

«እማዬ ናታ።»

«ባልሽ የት አለ?»

«አክስቴ፣ አሁን ይሄ ምን ያደርጋል? ራዮንግ ከተማ ነዋ።»

«ከማን ጋር?»

«ከፀጉር ሠሪዋ ጋር» አለች ካንያ ቀደም ብላ።

«የኔንም ካኖም ቺን የሠራችው እናትሽ ናት» አሉ አክስት ኢም፤ «ያውም የሁለቱንም ሠርጌን! እዚህ መንደር ላምዱአን ያልሠራችለት ሠርግ የለም፤ ግማሹ ተፋቷል። ፍቅርን ማስረዘም ያቃተው ክር ሞትን ምን አቅም ኖሮት ይጎትታል?»

ፕራኖም ልትቆጣ አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሳቅ ነበር። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሳጥኑ አጠገብ የተቀመጡት እንግዶች «ምን ተገኘ?» እያሉ ተንጠራሩ።

«እሺ ይሠራ» አለች መጨረሻ ላይ። «ካንያ ግን እንዳትቀምስ!»

ጓሮው በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ሩዙ ተፈጨ፣ ተጨምቆ ተጠለለ፣ ተቀቀለ፣ ተወቀጠ። ታቹ ከተበሳ ቆርቆሮ ውስጥ ክሩ እየተንዠረገገ ወደሚፈላው ውሃ ወረደ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው እንደ ወፍ ጎጆ ጠቀለሉት። ዓሣው ተጠበሰ፤ የዘንባባ ስኳርና ቃሪያ የገባበት መረቅም ደረሰ። መጀመሪያ የቀረበላቸው ሰዎች ወደ ሳጥኑ እያዩ አመነቱ። ትንሽ ቆይቶ ሳህን አልበቃ አለ።

ፕራኖም ዘወር ስትል ካንያ ጉንጯ ሞልቷል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሁለተኛዬ ነው» አለች ካንያ በሙሉ አፏ። የእናቷን እጅ ይዛ ሆዷ ላይ አሳረፈችው። ፅንሱ ከውስጥ በእግሩ መታት፤ ደገመና መታት።

«ይጨመርልኝ እያለ ነው እኮ፣ እማ።»

ፕራኖም እጇን አላነሳችም። ሦስተኛው ምት እስኪመጣ ጠበቀች። ከዚያ ተነስታ የእናቷን ድርሻ ራሷ ቀነሰች፤ ረጅሙን ክር ሳትቆርጥ፣ ዓሣውን ከላይ አድርጋ። ትሪውን ሳጥኑ እግር ሥር አስቀመጠች። የሳጥኑን እንጨት በጣቷ አንኳኳች።

«እማዬ፣ እራት ቀርቧል። ብዪ።»

ልትሄድ ስትል ቆም አለች። እናቷ ግራኝ ነበሩ። ጎንበስ ብላ ማንኪያውን ከቀኝ አነሳችና በግራ በኩል አስቀመጠችው።