ጫማው እንዳይለቅ

አያንቱ ያን ቅዳሜ ጠዋት ከምትኖርበት ከደንዉዲ ተነስታ ኬኔሶ ከተማ እስክትደርስ ሬድዮ አልከፈተችም። መሪውን የያዘው እጇ እያላበው ሁለት ሦስቴ ሱሪዋ ላይ ጠርጋዋለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ናት። አፉን ከፍቶ የሚንቀጠቀጥ ሰው ማረጋጋት ታውቅበታለች። የራሷ ሲሆን ግን ጠፋባት።

ፍርሃቱ የያዛት በ2017 የበረዶ ወቅት፣ ኖርዝ ካሮላይና ተራራ ላይ ነው። በስኪ፣ እግር ላይ በሚታሰር ረጅም የበረዶ መንሸራተቻ፣ ቁልቁል እየተንሸራተቱ ክብደትን ወደ ስኪው አፍንጫ ጥሎ፣ ጭራውን ከበረዶው አንስቶ፣ በአፍንጫው ብቻ የመዞር ጨዋታ አለ። ዳቦ ላይ ቅቤ የሚቀባ ቢላ ስለሚመስል «በተር ማድረግ» ይሉታል። አያንቱ ልትሞክረው ወደፊት ስትወረወር፣ ጫማዋን፣ ቡቱን፣ ከስኪው ጋር አጣብቆ የሚይዘው ባይንዲንግ ተረከዟ ላይ ቀጭ ብሎ ለቀቀ። ስኪው ከኋላ ቀረ፣ እሷ በፊቷ ተደፋች። ትከሻዋ ተሰብሮ ሁለት ወር ሥራ ሳትገባ ከረመች። ከዚያ ወዲህ ያ ቀጭታ ከጆሮዋ አልወጣ አለ፤ በር ሲቆለፍ እንኳ ትከሻዋ ይሸማቀቃል።

እናቷ «ምናለ ብትተዪው፣ የኔ ልጅ? ማን አስገደደሽ?» ብለዋት ነበር።

«ብተወው ፍርሃቱ እኔው ጋ ይቀራል፣ እማዬ» አለቻቸው።

ኬኔሶ ዳር አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ፣ በውሃ የሚረጥብ የፕላስቲክ ብሩሽ የተነጠፈበት ሰው ሠራሽ ቁልቁለት ነበር። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምረው ገብረሕይወት የልጅነት ጓደኛዋ ነው፤ በቀረው ቀን የስኪ ዕቃ ይጠግናል። ክብደቷን፣ ቁመቷንና ዕድሜዋን ጠይቆ፣ የቡቷን ርዝመት ለክቶ የባይንዲንጓን የጥብቀት ቁጥር አምስት ተኩል ላይ ያደረገላት እሱ ነው። ያላወቀው ነገር ቢኖር አያንቱ ሐሙስ ዕለት ጋራዧ ውስጥ ተንበርክካ፣ ዳግመኛ እንዳይለቅባት ብላ፣ አራቱንም ብሎን ዘጠኝ ላይ ማጥበቋን ነው።

«ሬዲ ነሽ?» አላት ቁልቁለቱ አናት ላይ ስትቆም፣ ከታች ሆኖ።

«አይደለሁም።»

«ኦኬ። ሬዲ ሳትሆኚ ነይ።»

በመጀመሪያው ዙር ጭራውን ሳታነሳ ወረደች። በሁለተኛው ጥርሷን ነክሳ ወደፊት ተጫነች፤ ጭራው ተነሳ፣ ትከሻዋን ወደ ቀኝ አዞረች። ያኔ የግራ ስኪዋ ጠርዝ ብሩሹን ነከሰ። ገላዋ ዞረ፣ እግሯ ቀረ። ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ ወደ ኋላ ወደቀች። ስትወድቅ ያንን የምትፈራውን ቀጭታ ጠበቀች፤ አሁን ይምጣ ብላ ለመነች። አልመጣም። ጉልበቷ እንደሚጨመቅ እርጥብ ጨርቅ ሲጠመዘዝ ተሰማት።

ገብረሕይወት ሮጦ ደርሶ የተረከዙን መክፈቻ በመዳፉ ደፈጠጠው። እግሯ ነፃ ወጣ።

«ሙቭ አታድርጊው። ጣቶችሽ ይሰሙሻል?»

«ይሰሙኛል። ጉልበቴን እንዳታሳየኝ።»

ጉልበቷን ዙሪያውን ዳሰሰ። ከዚያ ስኪውን አንስቶ ሲያገላብጥ ዓይኑ ቁጥሩ ላይ ቆመ።

«ማነው ናይን ላይ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አለችው።

«አያንቱ፣ ይሄ ካልለቀቀ የሚለቀው ጉልበትሽ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን እንደዚያ ቀን እንዳልደፋ ፈርቼ ነው።» እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ። እሱም አልተቆጣትም፤ አጠገቧ እርጥቡ ብሩሽ ላይ ተቀመጠ።

«የዛን ቀን ስትወድቂ የተቀረጸውን ቪዲዮ እኮ አይቼዋለሁ። ላልቶ አይደለም የለቀቀው። አፍንጫው ላይ ዘለልሽበት፤ ከወገብሽ ታጥፈሽ በአንዴ ተጫንሽው። እንደዛ ሲነጠቅ ይለቃል፣ ሥራው ነው።»

ሐኪሙ ጅማቷ ተለጥጧል እንጂ አልተበጠሰም አላት። አምስት ሳምንት አርፋ ስትመለስ ባይንዲንጉ አምስት ተኩል ላይ ተመልሶ ነበር። ገብረሕይወት ወዲያው ወደ ቁልቁለቱ አልወሰዳትም። ሜዳው ምንጣፍ ላይ ሁለት እጇን ይዞ አቆማት።

«ቅልጥምሽን ከፊት ባለው የቡቱ ምላስ ላይ አሳርፊ። አትግፊ፣ አሳርፊ። ጉልበትሽ ይታጠፍ፣ ወገብሽ ቀጥ ይበል። ስኪው ራሱ ሲጎብጥ ይሰማሻል።»

ተሰማት። ጭራው ከመሬት አንድ ጣት ያህል ከፍ አለ፣ ቡቱና ስኪው ግን አልተላቀቁም። ሃያ ጊዜ ደጋገመችው፤ በእያንዳንዱ እጁን ጨምድዳ ስለያዘችው ጣቶቹ ቀሉ።

ከሰዓት በኋላ ቁልቁለቱ አናት ላይ ብቻዋን ቆመች። ወረደች። ትከሻዋን አስቀድማ አዞረች፣ ክብደቷን ቀስ አድርጋ አፍንጫው ላይ አሳረፈች፣ ስኪዎቹን ዝርግ አድርጋ ያዘች። ጭራው ዞረ፤ ፊቷ ወደ ቁልቁለቱ አናት፣ ጀርባዋ ወደ ግርጌው ሆኖ ተንሸራታ ቆመች። ቡቱ ከስኪው ጋር ነው።

ሦስት ጊዜ ተሳካላት። በአራተኛው ደከማትና ቸኮለች፤ ባይንዲንጉ ቀጭ ብሎ ለቀቀ፣ እሷም በጎኗ ተዘረረች። ጉልበቷን አጠፈች፣ ዘረጋች። አላመማትም።

«አንዴ እንድገም?» አላት ገብረሕይወት።

«ዛሬ አልችልም። ሰውነቴ ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለችው። «የሚመጣው ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የምትከፍቱት?»