የሞተ ጥርስ

«ትንሽ ከፈት ያድርጉልኝ» አሉ ጀማለዲን። ጉጠቱን ለጊዜው ከጀርባቸው ይዘውታል።

አስማማው አፉን ከፈተ። ሽማግሌው ከንፈሩን በአውራ ጣታቸው ገልበጥ አድርገው የላይኛውን የፊት ጥርስ አዩት። ከሌሎቹ ተለይቶ ጠቁሯል። ድዱን ጫን ሲሉት ከሥሩ መግል ብቅ አለ። ራሱን ወደ ፀሐዩ አዙረው ከውስጥ በኩል ቢመለከቱ፣ ጥርሱ ተቦርቡሮ ብረት በሚመስል ነገር ተደፍኗል። በሉማሜ ሠላሳ ዓመት ጥርስ ሲነቅሉ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሟቸው አያውቅም።

«ማነው እንዲህ የሠራው?»

«ሐኪም ነው።»

«የእነሱ?»

አስማማው ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ «የእነሱ» አለ።

ጀማለዲን ጣታቸውን በጨርቅ ጠርገው ውሃ ሊያፈሉ ወደ ጓዳ ገቡ። አስማማው ግቢው ውስጥ የእንጨት ዱካ ላይ እንደተቀመጠ ብቻውን ቀረ። ያበጡ ጉልበቶቹን ዘርግቶ በሁለት እጁ ያሻቸው ጀመር።

ከደብረ ማርቆስ ነው የመጣው። በከተማው ጫፍ ባለች ቤተ ክርስቲያን የዜማ መሪጌታ ነው፤ ዕድሜው አርባ አምስት ቢሆን ነው። ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ እያበጠ፣ ትኩሳት እየወጣበት እየወረደበት፣ ማሕሌት መቆም ተስኖት ነበር። ጠበል ተጠመቀ፤ ሥራ ሥር ተቀቅሎለት ጠጣ። አልሆነም። በመጨረሻ ዘመዶቹ ለምነው ጣሊያኖቹ ወደከፈቱት ሐኪም ቤት ወሰዱት። እዚያ ያለው ሐኪም በቅርብ የመጣ ወጣት ነበር። ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ፤ ቀጥሎ አፉን አስከፍቶ አየና በአስተርጓሚው በኩል ነገረው። ሥሩ የሞተው ጥርስ መግል ቋጥሮ ደሙን እየመረዘው ነው፤ ጉልበቱን የያዘው ያ ነው፤ አሁን ደግሞ ወደ ልቡ እየሄደ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ይነቀል።

ወንበሩ እዚያው ነበር፤ ያው ያለፈው ዓመት ወንበር። አስተርጓሚውም ያው ሰው ነው። የቆየ ወዳጁን እንዳገኘ ሁሉ ፈገግ ብሎ «መሪጌታ፣ ደኅና ሰነበቱ? ድምፅዎ እንዴት ነው?» ሲለው፣ አስማማው ነገ እመጣለሁ ብሎ ወጣ። አልተመለሰም።

ጥርስ በመንቀል የታወቀ ሰው ያለው ሉማሜ ነው። ሉማሜ ደግሞ አስማማው ዓመት ሙሉ እግሩ እንዳይረግጣት ሲጠነቀቅ የኖረባት ከተማ ናት። ቢጨንቀው ሰው ለሰው ጠይቆ፣ የገበያው ቀን እስኪያልፍ ጠብቆ፣ በቅሎ ተውሶ ከነጋዴው ከአብዱልቃኒ ጋር መጣ። እሱ የሚሸሸው ሰው ከገበያ ቀን በቀር ከቤት አይወጣም ብለውት ነበር። በጊዜ ተነቅሎ፣ ነጋዴዎቹ ጭነው ሲመለሱ አብሮ ሊመለስ ነው ሐሳቡ።

ጀማለዲን ውሃውን ይዘው ወጡ። ጥርሱ እንደ ሌላው ጥርስ እንዳልሆነ፣ ውስጡ ስለደረቀ መሃል ላይ ሊሰበር እንደሚችል፣ ስለዚህ ራሱን አጥብቆ የሚይዝ ሰው እንደሚያስፈልግ ነገሩት። ባለቤታቸው መዲና ትይዝላቸው ነበር፤ ግን ለቅሶ ልትደርስ ወደ ቁይ ከተማ ሄዳለች።

«የጓሮ ቤቷን ሴት እጠራታለሁ» አሉ። «የእናንተው ሰው ናት። ቤቷን ካቃጠሉባት ወዲህ እኛው ጋ ነው ያለችው። እጇ አይንቀጠቀጥም።»

አስማማው ግድ የለም፣ ብቻዬን እችለዋለሁ ለማለት አፉን ሲከፍት፣ ሽማግሌው ወደ ጓሮው ዞረው ተጣርተዋል።

«ሥራነሽ! እስቲ አንድ ጊዜ ነይልኝ።»

እንዝርቷን እንደያዘች መጣች። ጥቁር ቀሚሷ ታጥቦ ታጥቦ ቡላ መልክ ይዟል። አስማማውን ስታየው ቆም አለች፤ ቀጥሎ እንዝርቷን አስቀምጣ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ልትስም ስትል፣ እብጠቱን አይታ ደንግጣ እጇን መለሰች።

«መሪጌታ፣ እርስዎ ነዎት? ምነው እንዲህ ሆኑ?»

አስማማው ምን እንዳላት አያስታውስም። ደኅና ነኝ ያለ ይመስለዋል።

ሥራነሽ የግራ ጌታ እንዳላማው ሚስት ነበረች። እንዳላማውና አስማማው አሥራ ሰባት ዓመት ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ቆመው አንዱ ሲያነሳ አንዱ እየተቀበለ የኖሩ ባልንጀሮች ናቸው። ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ላይ ጎጃም ሲሸፍት እንዳላማው መቋሚያውን ሰቅሎ ጫካ ገባ። በቤተ ክርስቲያኑ ሁሉም ያውቃል፤ ሲጠየቁ ግን እህል ሊሰበስብ አገር ቤት ወርዷል ይላሉ። በተከታዩ ዓመት ጥቅምት ላይ የአስማማውን የፊት ጥርስ ሕመም ያዘው። ቢያስነቅለው በቀረ ነበር። ነገር ግን የፊት ጥርስ የሌለው የዜማ መምህር ‹ሰ›ም ‹ጸ›ም ሲል ድምፁ ይሾልክበታል፣ ተማሪ ይስቅበታል ብሎ ፈራ። ጣሊያኑ ሐኪም ሳይነቅል ያድናል የሚል ወሬ ሰማና ነጠላውን ተከናንቦ ሄደ።

ሐኪሙ ያኔ በዕድሜ ጠና ያለ ትሑት ሰው ነበር። በእግሩ እየረገጠ በሚያሽከረክረው መሰርሰሪያ ጥርሱን ከውስጥ ከፈተ፤ በቀጭን መርፌ ሥሩን አወጣና መድኃኒት ጠቅጥቆ ደፈነው። ሕመሙ ውሃ እንደፈሰሰበት እሳት ጠፋ። አስማማው ሦስት ሌሊት አልተኛም ነበርና ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ሐኪሙ ዘፈን ይወዳል፤ ምን እንደሚሠራ ጠይቆት ሲነግረው፣ እስቲ በዳነው ጥርስህ ጥቂት አሰማኝ አለው። አሰማው። ሐኪሙ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነው። ያን ጊዜ ነው አስማማው ደስታውም ኩራቱም ገፍቶት የተናገረው። እኔ ምን አለኝ፣ እንዳላማውን ቢሰሙት አለ። እሱ ደግሞ የት ነው ብሎ የጠየቀው ሐኪሙ አይደለም፤ አስተርጓሚው ነው።

«አሁን እዚህ የለም» አለ አስማማው። «ለኅዳር ሚካኤል ግን ከሚስቱ አገር አይቀርም። እዚያ ከሱ በቀር የሚመራ የለም።»

አስተርጓሚው ስሙን ለራሱ በከንፈሩ ሲደግመው አየ። ከወንበሩ ሳይወርድ ነው ያየው።

በኅዳር አሥራ ሁለት፣ ደብረ ኤልያስ አጠገብ ባለችው መንደር፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን ወታደር ከበበ። እንዳላማውን የገዛ ደጃፉ ላይ ገደሉት፤ ቤቱን አቃጠሉት፤ ከብቱን ነዱ። አስማማው ለቀብሩ አልሄደም። ለአርባውም አልሄደም። ሊያሳብቁ ይችሉ የነበሩትን ሰዎች በልቡ እየቆጠረ፣ ከሱ ሌላ ስንት አፍ ነበረ እያለ ዓመቱን ገፋው።

ሥራነሽ ከኋላው ቆማ ራሱን በሁለት እጆቿ ያዘችው። ጀማለዲን ቢስሚላህ ብለው ጉጠቱን አገቡ። ጥርሱ እንደፈሩት ሆነ፤ ሁለት ጊዜ ወዝወዝ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ከአንገቱ ተሰበረ። ሽማግሌው ስባሪውን ጥለው ቀጭኑን ጉጠት አነሱ። ሥሩን ለማግኘት ድዱን መቅደድ ነበረባቸው። አስማማው አልጮኸም። እግሩ መሬቱን ሲቧጥጥ፣ የሥራነሽ እጅ ግንባሩን ጫን ብሎ ያዘው፤ ላቡን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግለት ነበር።

«አይዞዎት፣ መጣ፣ መጣ» ትለዋለች። «እንዳላማው ቢያይዎት እንዴት ያዝን ነበር።»

ሥሩ ወጣ። ጫፉ ላይ አተር የሚያህል የመግል ከረጢት ተንጠልጥሎበታል፤ ሽታው ጀማለዲንን ፊታቸውን አስዞራቸው። ይህን ተሸክመው እስካሁን መቆምዎ ይገርማል አሉ። አፉን በሞቀ ጨው ውሃ አስጉመጥምጠው፣ ንጹሕ ጨርቅ አስነከሱትና እስኪረጋ እንዳይናገር አዘዙት። እሳቸው መሣሪያቸውን ሊያጥቡ ሄዱ።

ሥራነሽ እንዝርቷን አንሥታ ከፊቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መናገር እንደማይችል ስላየች እሷ አወራችለት። ጥጥ እየፈተለች ራሷን እንደምትችል፣ መዲና እንደ እህት እንደምታያት፣ የቀረችላት ልጇ በወንድሟ ቤት እንዳለች ነገረችው። ለቀብሩ ባለመምጣቱ ሰዎች ሲያሙት እሷ እንደተከራከረችለትም ነገረችው።

«መንገዱ ቢያዝበት ነው እንጂ አስማማው አይቀርም አልኳቸው። እንዳላማው ራሱ አንድ ነገር ብሆን ወደ መሪጌታ ሂጂ ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ላስቸግር አልፈልግም ብዬ የቀረሁት።»

አስማማው ጨርቁን ነክሶ ወደ አጥሩ ዞረ። ከጉልበቱና ከድዱ ሕመም በላይ ፊቱ ይነድ ነበር። መናገር ባለመቻሉ ለአንድ አፍታ ደስ አለው፤ ደስ ማለቱን ሲያውቅ የባሰ አፈረ።

ሙት ዓመቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው አለች። ጤፉም ብቅሉም ተዘጋጅቷል። የሉማሜ ካህናት ይመጣሉ፤ ነገር ግን ከእንዳላማው ፊት ለፊት ቆሞ የኖረ ሰው ቢመራላት ትወዳለች። አስማማው ባዶውን የጥርሱን ቦታ በጣቱ አመለከታት።

«ቢሾልክም ይሹለክ» አለች። «እሱን የሚያውቅ ሰው አፍ ነው።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሌላም የምነግርዎ አለ አለችው። ያሳበቀበትን ሰው አውቀናል። ዓባይ ነው፣ የድንበር ጎረቤታችን፤ በመሬቱ ሲጣሉ የኖሩ ናቸው። በዚያን ዕለት ጧት ወታደሮቹን መንገድ ላይ ሲያናግር ታይቷል።

«ወንድሜ ሙላት ሙት ዓመቱ ይለፍ ብሎ ነው የታገሠው። ለነፍሱ ከተበላና ከተጠጣ በኋላ ዓባይ አያድርም። ጠመንጃውን አዘጋጅቷል። እኔም ተው አላልኩትም፣ መሪጌታ። ኃጢአት ነው?»

አስማማው አያት። ዓባይን አንድ ጊዜ በሠርግ ላይ አይቶታል፤ ረጅም፣ ችኩል፣ ብዙ ልጆች ያሉት ገበሬ። ዓመቱን ሙሉ ሌሎች አፎችን ሲቆጥር፣ ከቆጠራቸው አንዱ ይህ ሰው ነበር። እሱ ይሆናል ብሎ ተመኝቶም ያውቃል። አሁን ያ ምኞት ጠመንጃ ይዞ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

የግቢው በር ተንኳኳ። አብዱልቃኒ ነበር፤ ጭነው መጨረሳቸውን፣ ፀሐይ ሳይበረታ የመጀመሪያውን የጣሊያን ኬላ ማለፍ እንዳለባቸው፣ ካሁን በኋላ ደግሞ እስከ ሳምንት ወደ ማርቆስ የሚሄድ ነጋዴ እንደሌለ ተናገረ። በቅሎዋ ተጭና ደጅ ቆማለች። ጀማለዲን እጃቸውን እያደራረቁ መጥተው አስማማውን በብብቱ ደግፈው አስነሱት። ሥራነሽም መቋሚያውን አቀበለችው፤ ለሙት ዓመቱ እንግዲህ በቅሎ እልክልዎታለሁ አለችው።

አስማማው ሦስት እርምጃ ያህል ሄደ። አብዱልቃኒ በቅሎዋን አዞረለት፤ እግሩን የሚያሳርፍበት ድንጋይም አስጠጋለት። መውጣት ብቻ ነበር የቀረው። ከተማው ደርሶ፣ አልጋው ላይ ተኝቶ፣ ድዱ እስኪድን ማንም ምንም አይጠይቀውም። ወደ ሥራነሽ አንድ ቃል በሰው ቢልክ፣ ዓባይን ተዉት ቢል፣ ምክንያቱን ሳይናገር ያምኑት ይሆናል። ደግሞ ላያምኑትም ይችላሉ።

ጨርቁን ከአፉ አወጣ። ጀማለዲን አይናገሩ፣ ደሙ ይመለሳል ሲሉት በእጁ አስቆማቸው።

«በቅሎዋን ይዘህ ሂድ» አለው አብዱልቃኒን። ቃሉ ሾለከበት፤ ነጋዴው አልሰማውም። ደሙን ተፍቶ ደገመለት። «ለባለቤቷ አድርስልኝ። እኔ እቀራለሁ።»

«በዚህ ጉልበትዎ? በምን ሊመለሱ?»

አስማማው ዞሮ እያነከሰ ወደ ዱካው ተመለሰና ተቀመጠ። ሥራነሽ ያመመው መስሏት ውሃ ልታመጣለት ስትነሳ ነጠላዋን ያዝ አደረጋት። ዓይኗን ማየት አልቻለም፤ እጇን ነበር የሚያየው፤ የግንባሩ ላብ ገና ያልደረቀበትን።

«ሙላት ቅርብ ነው ያለው?» አላት።

«ከታች ነው፣ ለሙት ዓመቱ ዝግጅት መጥቶ ከወፍጮው ዘንድ አርፏል። ምነው?»

«አስጠሪው» አለ አስማማው። «የምናገረውን አብራችሁ ስሙት።»