የእትዬ ጥሩአየሁ የፊት ግድግዳ

መቱ ውስጥ ቤቱን ቀለም ያስቀባ ሰው ሁሉ ጎንፋን ያውቀዋል። ጎንፋን የሚያውቅ ሁሉ ደግሞ ኮፍያውን ያውቃል። ሰውየው ቀለም በጥብጦ ሲጨርስ፣ ከሲጋራ ፓኮ በቀደዳት ካርቶን ላይ በጣቱ ትንሽ ለቅለቅ ያደርግና፣ ኮፍያውን ብድግ አድርጎ ካርቶኗን መላጣው ላይ ያስቀምጣታል። ከዚያ ኮፍያውን መልሶ ደፍቶ ሻዩን ሊጠጣ ይሄዳል። «በዚህ ከተማ ዝናብ የማይገባበት፣ ሁልጊዜ የሚሞቅ ቦታ ቢኖር ይሄ ራስ ብቻ ነው» ይላል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ካርቶኗን ያወጣል፣ ብርሃን ላይ ይዞ ያገላብጣታል፣ ወይ ነጭ ይጨምራል፣ ወይ ቢጫ ጠብ ያደርጋል፣ ወይ «ሆኗል» ይላል። እሱ ሆኗል ካለ ሆኗል።

ባለቤቶቹ ይሄን ሲያዩ ይስቃሉ፣ ግድግዳው ሲያልቅ ደግሞ ይመርቁታል። ዲሪቤ ግን ልጁ ናት፤ ስለዚህ ታፍርበታለች።

ዲሪቤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ሞክራዋለች፣ ሰባተኛ ክፍልም ሁለት ጊዜ አልፈልግሽም ብሏታል። ከዚያ ወዲህ ከአባቷ ጋር ሮለር ትይዛለች። እጇ ጎበዝ ነው፤ ምላሷ ደግሞ ከእጇ ይፈጥናል። ጓደኛዋ ዓያንቱ የሞባይል ካርድ የምትሸጥበት ሱቅ በር ላይ አባቷ ኮፍያውን ደፍቶ ሲያልፍ፣ ዓያንቱ ሁሌም አንድ ጥያቄ አላት።

«ዲሪ፣ አባትሽ ዛሬ የማንን ሳሎን ነው ጭንቅላቱ ላይ የተሸከመው?»

«የአንቺን መኝታ ቤት ነው፤ ለዚያ ነው አንገቱ የተጣመመው» ትላለች ዲሪቤ፣ ሰው ከመሳቁ በፊት ቀድማ ትስቃለች። ቀድሞ የሳቀ ሰው ትንሽ ያነሰ ያፍራል፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ነው የሚመስላት።

በግንቦት እትዬ ጥሩአየሁ ቤታቸውን ሊያስቀቡ ጎንፋን አስጠሩት። እትዬ ጥሩአየሁ ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራቸው ባልቴት ናቸው። ልጃቸውን ትንቢትን ሊጠይቁ ከጎሬ ሽማግሌዎች እሑድ ይመጣሉ፣ ስለዚህ ቤቱ እስከ ቅዳሜ አልቆ መድረቅ አለበት።

«የማር መልክ ነው የምፈልገው» አሉ። «ነጩን ማር አይደለም፣ ቀዩንም አይደለም። መሐከለኛውን። ሽማግሌ ገና ከመንገድ ሲያየው ደስ የሚለው።»

ጎንፋ በጠበጠ፣ ካርቶኗን ኮፍያው ስር ከተተ፣ አወጣ፣ ጨመረ፣ ደግሞ ከተተ። በሦስተኛው «ሆኗል» አለ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሦስቱን ግድግዳ ጨረሱ። ማር ነው! እትዬ ጥሩአየሁ እንኳ የሚሉት አጥተው ጎተራው ለምን አልተቀባም አሉ።

የቀረው በመንገድ በኩል ያለው የፊት ግድግዳ ነበር፣ በር ያለበት። ረቡዕ ማታ ግን ኡካ ከተማ የሚኖር የጎንፋ የአጎት ልጅ ሞተ ተብሎ ተደወለ። ሐሙስ ጠዋት ጎንፋ ለቀብር ሲነሳ ትልቁን ባልዲ ለልጁ አሳያት።

«ይሄ ሆኗል፣ ከሌላው ጋር አብሮ የተበጠበጠ ነው። ውሃ እንኳ ጠብ አታድርጊበት። አማስይውና ቀቢ፣ በቃ። ገባሽ ኢንተላ ኮ?» ልጄ ሲላት ሁሌም በኦሮምኛ ነው።

«ሕፃን ነኝ እንዴ አባዬ? ሂድ፣ መኪናው ያመልጥሃል።»

ሄደ። ዲሪቤም ባልዲውን ከፈተች፣ አማሰለች፣ ሮለሩን ነክራ ከበሩ አጠገብ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ሳበችው። ከዚያ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄዳ አየችው።

ማር አይደለም። የተቀመጠ ቅቤ ነው የሚመስለው። ከጎኑ ያለው፣ ረቡዕ የተቀባው ግድግዳ ማር ነው፤ ይሄኛው ቅቤ። ካርቶን ቀዳ ነከረችና ከደረቀው ግድግዳ ጋር አስጠግታ ያዘችው። አይገናኙም።

እዚህ ላይ ቆም ብላ ብታስብ ጥሩ ነበር። ከአባቷ ጋር ሁለት ዓመት ሠርታለች። ሰኞም ማክሰኞም ሮለር ይዛ ነበር፣ ግን ስትቀባ ከዓያንቱ ጋር በስልክ እያወራች ስለነበር ግድግዳው ማታ ምን መስሎ ጠዋት ምን እንደሚመስል አንድ ቀን ልብ ብላ አላየችም። የአባቷ ኮፍያ ነገር ደግሞ ለእሷ የሽማግሌ አመል ነው፤ ሰው የሚስቅበት፣ እሷ የምትሸማቀቅበት። ካርቶኗ እዚያ ምን እንደምትሠራ ጠይቃ አታውቅም።

ስለዚህ የመጣላት ሌላ ነገር ነው። አባዬ ዓይኑ ደክሟል። ባለፈው ሳምንት የስልክ ቁጥር አንብቢልኝ ብሏት አልነበር? ተሳስቶ በጥብጦ ሄዷል፣ ምስኪን!

ከዕቃው ውስጥ በትንንሽ ጠርሙስ ያሉትን ማቅለሚያዎች አወጣች። ቢጫውን ጨመረች፣ ቡናማውን ጨመረች፣ አማሰለች፣ አየች። ገና ነው። ደግሞ ቡናማ። የባልዲው ውስጥ ልክ እንደ ደረቀው ግድግዳ ሲሆንላት «ሆኗል!» አለች ጮክ ብላ፣ የአባቷን ድምፅ አስመስላ። ለብቻዋ ሳቀች።

እስከ አሥር ሰዓት ግድግዳውን ጨረሰችው። እርጥብ ሆኖ ያበራ ነበር፣ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት፣ ልዩነቱ የማይታይ። እትዬ ጥሩአየሁ ወጥተው አዩና «አበጀሽ! ብቻሽን?» አሉ።

እዚያ ላይ ዝም ብትል ምን ነበረበት? ምላሷ ግን መቼ ይጠብቃትና!

«እትዬ፣ ለማንም እንዳይናገሩ እንጂ፣ አባቴ አበላሽቶት ነበር የሄደው። ዓይኑ እየሄደ ነው መሰለኝ፣ ቀለም አይለይም። እኔ ነኝ ያስተካከልኩት።»

«ውይ ጎንፋ! ምን ነካው!» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ። ለማንም እንዳይናገሩ የተባሉትን ነገር ወዲያው ለትንቢት ሊነግሩ ገቡ።

ዲሪቤም ከዚያ ቀጥታ ዓያንቱ ሱቅ ሄደች። የጎሬ ሚኒባስ ሹፌሩ ኪቲላ ካርድ ሊገዛ ቆሞ ነበር። ሁለት ሰው ካለ ለዲሪቤ ስብሰባ ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ቀለም ቀቢው እኔ ነኝ፣ እወቁ» አለች። «ሽማግሌው ማርና ቅቤ አይለይም። ነገ ደግሞ ቤታችሁን ጥቁር ቀብቶ ነጭ ነው ይላችኋል።»

ዓያንቱ እስክታለቅስ ሳቀች። ኪቲላ «የእውነትሽን ነው? ጋሼ ሸዋንግዛው እኮ አሥራ ሁለት ክፍል ሊሰጠው ነው» አለ። ጋሼ ሸዋንግዛው ወደ ጎሬ መውጫ ላይ አዲስ ፔንሲዮን የሠሩት ሰው ናቸው፣ ቀለሙን ለጎንፋ ቃል ገብተውለታል። ዲሪቤ ይሄን ታውቃለች። ግን ሳቁ ደስ ብሏት ስለነበር «የእውነቴን ነው» አለች።

ዓርብ ጠዋት ደመናው ተገልጦ ፀሐይ ወጣች። እኩለ ቀን ላይ ዲሪቤ ዕቃ ልትሰበስብ ስትመጣ፣ እትዬ ጥሩአየሁ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው መንገድ ላይ ቆመዋል። ትንቢት አጠገባቸው አፏን ይዛለች። ሁለት ጎረቤቶችም አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ዲሪቤ ቀና አለች። ግድግዳው ደርቋል። ሦስቱ ግድግዳ ማር ነው፣ የፊተኛው ያረረ ድስት ቂጥ ነው። ከበሩ አጠገብ፣ መጀመሪያ አንድ ጊዜ የሳበቻት፣ ሁለተኛ ሳትደግምባት የቀረች ጠባብ መስመር ነበረች። የአባቷ ቀለም። ያቺ መስመር ብቻ ልክ ከሌሎቹ ጋር አንድ ሆና ደርቃለች።

ያቺን መስመር ስታይ ነው ሁሉም ነገር የገባት። ትናንት ቅቤ የነበረው ዛሬ ማር ነው፤ ትናንት ማር የነበረው ዛሬ ይሄ ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ይጠቁራል። አባዬ ያውቃል። ይሄን ለማወቅ ነው ዕድሜውን ሙሉ ካርቶን ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ ሰው ሲስቅበት የኖረው። ፊቷ ከጆሮዋ ጀምሮ ነደደ።

«እ? ምላስሽ የት ሄደ?» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ። «ሽማግሌ ሲመጣ ቤታችሁ ተቃጥሎ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቀኝ?»

ከመልስ ያዳናት የአባቷ መምጣት ነው፤ ወይም ያን ጊዜ ያዳናት መስሏት ነበር። ጎንፋ ከኡካ መኪና ወርዶ ቀጥታ ነበር የመጣው፣ ጫማው ጭቃ ነው። ግድግዳውን አየ። ባልዲውን አየ። ባዶዎቹን የማቅለሚያ ጠርሙሶች አየ። ጎንበስ ብሎ ያቺን መስመር በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። ከዚያ ልጁን አየና፣ እሷ መሬት መሬት ስታይ፣ ወደ ሴትየዋ ዞረ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው እትዬ። ሳልጠነቀቅ በጠበጥኩት። ነገ በራሴ ቀለም እደግምልዎታለሁ፣ እስከ እሑድ ይደርቃል።»

«እሷማ ትናንት ነግራኛለች» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ፣ ድምፃቸውን አለዝበው፣ እንደ በሽተኛ እያዩት። «ዓይንህን ሐኪም ቤት ሂድ እንጂ ጎንፋ። ምን ያሳፍራል? የሁላችንም ዕጣ ነው።»

ጎንፋ ባዶዎቹን ጠርሙሶች መልቀም ጀመረ። ስልኩ ጮኸ። ዲሪቤ አጠገቡ ስለነበረች የጋሼ ሸዋንግዛውን ወፍራም ድምፅ ለየችው፣ ቃሉን ግን አልሰማችም። የሰማችው የአባቷን ብቻ ነው።

«አቤት ጋሼ… ኧረ ግድ የለም… አይ፣ ደህና ነኝ… እሺ፣ ሥራው ለእሱ ይሁን። ጎበዝ ልጅ ነው።»

ስልኩን ኪሱ ከተተና በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ጠየቃት። «አባቴ ዓይኑ ጠፍቷል ብለሽ ነበር?»

ዲሪቤ ለሁሉም ነገር መልስ አላት። ለአስተማሪ መልሳለች፣ ለፖሊስ መልሳለች፣ ለቄስ እንኳ አንዴ መልሳለች። ለዚህ ግን ራሷን ነቀነቀች ብቻ፣ አዎ ለማለት። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ዕቃውን አንሥቶ ሄደ።

ያን ቀን ቤት ውስጥ አልተቆጣትም፣ እራቱን በላ፣ ስለ ቀብሩ ለእናቷ አወራ። ብቻ አንድ ጊዜ የባትሪውን ካርቶን አንሥቶ በአምፖሉ ስር ይዞ ጽሑፉን ሲያነብ አየችው። ቀረብ አደረገው፣ ራቅ አደረገው። እሷ እንደተሳሳተች አያውቅም ማለት ነው? ወይስ የተናገረችውን እየሞከረው ነው? ዲሪቤ ትራሷን ነክሳ ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ እትዬ ጥሩአየሁ ቤት መሰላል ሲያቆም፣ እሷ «መጣሁ» ብላ ወደ ጎሬ መውጫ ሄደች። ጋሼ ሸዋንግዛው ፔንሲዮናቸው በር ላይ ከኪቲላና ከሁለት ግንበኞች ጋር ተቀምጠዋል። ለብቻዎ ላናግርዎት ማለት ትችል ነበር። ግን ያንን ወሬ ለብቻ አልነበረም ያወራችው።

«ጋሼ፣ እኔ የጎንፋ ልጅ ነኝ። አባቴ ዓይኑ ደህና ነው። ትክክል በጥብጦ ነበር የሄደው። እኔ እርጥቡን ከደረቀው ጋር አስተያይቼ ማቅለሚያ ጨመርኩበትና አበላሸሁት። ከዚያ ደግሞ ሳይደርቅ ጉራዬን ነዛሁ።»

ከግንበኞቹ አንዱ በአፍንጫው ሳቀ። «እርጥብ ከደረቅ? ሁለት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር፣ ባልዲ ስትቆጥሪ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እናቱን እስኪጠራ ትመልስለት ነበር። አሁን ግን ጋሼን ብቻ ታያለች።

«ትናንት ስደውልለት ታዲያ ለምን ዝም አለ?» አሉ ጋሼ ሸዋንግዛው። «ልጄ ናት ያበላሸችው ቢለኝ ምን ነበረበት?»

ዲሪቤ መልሱን ታውቀዋለች። «ልጁ ስለሆንኩ» አለች። ኪቲላ ወደ መኪናው ፊቱን አዞረ።

«ለሌላው ልጅ ቃል ገብቻለሁ» አሉ ጋሼ ሸዋንግዛው። «ደግሞ አንዴ የተወራ ነገር ሆድ ይቆረቁራል፣ አልደብቅሽም። እንዲህ በይው፤ ማክሰኞ መጥቶ አንዷን ክፍል ይቀባ። ከደረቀ በኋላ እኔ ራሴ አያታለሁ። ከወደድኳት ግማሹን ለእሱ እሰጣለሁ።»

ዲሪቤ አመስግና ወጣች። መንገዱን ሙሉ ስትመለስ መልእክቱን በሆዷ እያገላበጠች ነበር። የመቱን ግማሽ የቀባ ሰው ነው። አሁን እንደ ጀማሪ አንዲት ክፍል ቀብቶ ሊፈተን ነው፣ በእሷ ምክንያት። ይሄንንም የምትነግረው እሷ ናት።

ጎንፋ መሰላሉ ላይ ነበር። እትዬ ጥሩአየሁና ትንቢት ከታች ቆመው ያያሉ። ዲሪቤ ለእነሱም ነገረቻቸው፣ ሳትቀንስ፣ ጮክ ብላ። እትዬ ጥሩአየሁ «እኔን አስዋሽተሽ! ለስንት ሰው አወራሁት መሰለሽ!» ብለው ጀመሩና ብዙ ተናገሩ፤ ሁሉንም ቆማ ሰማች። ከዚያ የጋሼ ሸዋንግዛውን መልእክት ወደ ላይ አንጋጣ ተናገረች።

ጎንፋ ሮለሩን ባልዲው ጠርዝ ላይ አስደገፈ።

«ፈተና?» አለ።

«አዎ አባዬ።»

«መቼ ነው?»

«ማክሰኞ ና ብለዋል።»

«እሺ» አለ ጎንፋ። ሮለሩን አነሣና ግድግዳው ላይ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ሳበው፣ ፈታኝ ቆሞ የሚያየው ጀማሪ እንደሚስበው።

ያንን አሳሳብ ከዚያ በፊት አይታበት አታውቅም።